ወደ ላይ የወጣው መብረቅ

ልጅ ሳለሁ እውነት ተናግሬ ይቅርታ እንድጠይቅ ተደርጌያለሁ፤ ይህ በደል ይመዝገብልኝ።

ሰሞኑን አርባ ምንጭ ላይ ሲመሻሽ በአባያ ሐይቅ ላይ ወጀብ ተነሳ። የልጅ ልጄ በረንዳ ላይ ቆማ በስልኳ የመብረቅ ፎቶ ታነሳ ነበር። “እማማ፣ ይሄን እዪ! ከኮረብታው አንቴና ጫፍ ነው የተነሳው፤ ቅርንጫፉ ወደ ላይ ነው” አለችኝ።

የረጠበው አፈር ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ጨንቻ መለሰኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር የገብስ ማሳ ስንጠብቅ፣ መብረቅ ከተራራው ጫፍ ወደ ሰማይ ሲወጣ አየሁ። ቤት ገብቼ ስናገር ወንድሜ “አብሬያት ነበርኩ፤ ውሸቷን ነው” አለ። አባቴም “እሳት ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ምድር አትወረውርም” ብሎ በጎረቤት ፊት እርጥብ ሳር አስያዘኝ። በጋሞ ሳር ይዘው ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ ክርክር የለም። ውሸታም ተብዬ አደግሁ።

በማግስቱ የልጅ ልጄን ይዤ ጨንቻ ወጣሁ። ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ በምራቶቹ ፊት ፎቶውን አየ።

“ጋሼ፣ መብረቁ ወዴት ነው የሚሄደው?” አልኩት።

“ወደ ላይ።”

“ታዲያ ያኔ ምነው ካድከኝ?”

“አንቺ ሴት፣ መቼም አትለቂ!” አለና ሳቀ። “አላየሁም እኮ። ፈርቼ ቡልኮዬን ተከናንቤ ነበር።”