ሃምሳ ገጽ አጨዳና ውቂያ

ስለዚያ ታላቅ የሩሲያ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሐሳቤን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ተማሪ ሳለሁ በእሱ ከመጣ ሰው ጋር እጣላ ነበር። ጋዜጣ ላይ የመጻሕፍት ሂስ መጻፍ ስጀምር ግን ወፍራሙን መጽሐፉን አነሣሁና፣ «ሃምሳ ገጽ አጨዳና ውቂያ ቢወጣለት ማንም አይጎዳም» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ተወደደልኝ። ኮምቦልቻ ካፌ ውስጥ ሰዎች ያቺን ዐረፍተ ነገር እየጠቀሱ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አባቴ የኩታበር ገበሬ ነው። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለትምህርት ደሴ አክስቴ ዘንድ ስላደግኩ እርሻውን የማውቀው እንደ እንግዳ ነው።

ባለፈው ዓመት መኸር ሊደርስ ሲል አባቴ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአንድ ዐይኑን ሞራ ተገፈፈ። ሌላኛው ከደበዘዘ ቆይቷል። ፋሻው እስኪነሣ ደሴ እህቴ ቤት አረፈ። እኔና እህቴ መክረን ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ እርሻው ይበቃዋል፣ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ እሱም ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ይኖራል። ያልነገርነው ለእሱ ብቻ ነበር።

እንዳይሰለቸው ያንኑ መጽሐፍ በአማርኛ አነበብኩለት። ሃምሳዎቹ ገጾች ላይ ስደርስ «እህሉን አጨዱት» ብቻ ብዬ ዘለልኳቸው።

«ቆይ» አለ። «አጨዱት አልከኝ። አሁን ደግሞ ጎተራ ገባ ትላለህ። የት ነው የተወቃው?»

«ዘልዬው ነው፣ አባ። ሥራ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።»

«ይሁና። አንብበው።»

አነበብኩ። ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አንድ አውድማ ላይ ይሠራሉ። አንዱ ነዶ ያቀብላል፣ ሌላው ይቀበላል። ገጽ በገጽ እንዲሁ ነው። አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ታረቁ» አለ።

«ኧረ አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገሩም!»

«ነዶውን ከእጁ ተቀበለው አይደል? ወላሂ፣ ሌላ ምን ይበለው?»

መጽሐፉን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እርቁን ግን አላየሁትም። አፈርኩ።

ፋሻው የተነሣ ዕለት እህቴ የኮምቦልቻውን ነገር አነሣችበት። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ያንተም ሐሳብ ይኸው ነው?»

«አዎ» አልኩ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣሁትም እኔው ነበርኩ።

«እኔኮ ዐይኔን የታከምኩት ማሳዬን ላይበት ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋዜጣው ላይ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ መጻፉ ቀላል ሆነልኝ፤ እንዲያውም በትሕትናዬ ተመሰገንኩ። አባታችን ወደ እርሻው ይመለስ ብዬ እህቴን ማሳመን ግን አልቻልኩም፤ እስካሁን ታኮርፈኛለች። ፋሻው በተነሣ ማግስት ሻንጣውን ይዤ ከአባቴ ጋር የኩታበር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና በየማሳው «ያ ጤፍ ነው አይደል? ይኸኛው ስንዴ ነው አይደል?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። አዲሱን ዐይኑን በእኔ መፈተኑ ነበር። ለሁሉም «አዎ» አልኩት።

ኩታበር ልንገባ ስንል ቀስ ብሎ፣ «የመጨረሻውኮ ገብስ ነበር፣ ልጄ» አለኝ። በአርባ ዓመቴ ስንዴና ገብስ እንደማልለይ አባቴ ያወቀው ያን ቀን ነው።