የእሪ በከንቱ ባቡሮች

በሰዓት እላፊ ዘመን አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የሚሸኘው በጠራራ ፀሐይ ነበር። እኔም በረራዬ ገና እኩለ ሌሊት ላይ ሆኖ ሳለ፣ በዘጠኝ ሰዓት እሪ በከንቱ ካለው ቤታችን ደጃፍ ወፍራም ካፖርት ለብሼ፣ ላብ እያጠመቀኝ ቆሜ ነበር። ካፖርቱ ሻንጣ ውስጥ ከገባ በርበሬውና ቋንጣው ቦታ አያገኙም ብላ እናቴ ስለወሰነች ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳመኝ። አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ አንገቴን አቅፈው አምርረው ካለቀሱ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ።

የባንዳችን ጊታሪስት ሐጎስ ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ሻንጣዬን ታክሲው ላይ ጫነልኝ። እኔ ግን ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ነበር የማየው። ስዩም አልመጣም። ከስዩም ጋር ፊደል የቆጠርነው አንድ ቄስ ዘንድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት እሱ እየዘፈነ እኔ ቤዝ ጊታር መትቻለሁ። ታክሲው ሲነሣ እንኳ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዘፈናቸውን የምንጫወተውን የአሜሪካ ባንድ አባላት «ባቡሮቹ» የምንላቸው እኛ ነን። የሸክላቸው ሽፋን ላይ አምስቱም ጸጉራቸውን አንጨባረው አንድ አሮጌ ባቡር ተደግፈዋል፤ እውነተኛ ስማቸው እንዴት እንደሚነበብ ስላልተስማማን በዚያው ጸደቀ። ከሽፋኑ ጀርባ እንደተጻፈው የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ የጀመሩት በአንደኛው አባት ጋራዥ ውስጥ ነው። እኛም አራት ሆነን በሐጎስ አጎት ጋራዥ ጀመርን። እነሱ ሁለተኛውን ሸክላ ሲያወጡ ፒያኖ ጨመሩ፤ እኛ ፒያኖ ስለሌለን አኮርዲዮን ጨመርን። ከበሮ መቺያቸው ጢም ሲያሳድግ የኛው ከበሮ መቺ ጢም አላበቅል ብሎት አንድ ክረምት ሙሉ ሲተክዝ ከረመ። ዜናው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚደርሰን እነሱ የረሱትን እኛ ገና ስናጠና እንገኝ ነበር።

ሸክላውን የሐጎስ እኅት ከውጭ ታመጣለች፤ ሸክላ ማጫወቻ ስለሌለን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካሴት የሚያባዙት ጋሽ ወልዴ ይቀዱልናል። ጋሽ ወልዴ ከፒያሳ የመጨረሻው ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ መቅጃ ቴፓቸው ግን ከሳቸው በላይ ያረጀ ነበር። ካሴቱን ቤታችን ወስደን አንድ ዘፈን ሦስት መቶ ጊዜ ብንሰማው አይሰለቸንም። ያሠቃየን ሦስተኛው ዘፈን ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ዘፋኙ እናቱን በር ክፈችልኝ ብሎ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት የሚወጣበት ከፍታ የሰው ጉሮሮ የሚደርስበት አይመስልም። ስዩም ማር በሎሚ ጠጣ፣ ጥሬ እንቁላል ዋጠ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ በሐምሌ ዝም ብሎ ዋለ። አንዳንድ ቀን ይደርስበታል፤ አብዛኛውን ቀን ይሰበርበታል።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጠሩን። የአሜሪካ ዘፈን ለምን እንደምንዘፍን ሲጠይቁን፣ ሐጎስ ዘፋኞቹ የወዛደር ልጆች ናቸው ብሎ የሸክላውን ጀርባ አሳያቸው። ጓድ ሊቀ መንበር ሽፋኑን ገልብጠው ጸጉራቸውን አዩና ዜማው ይቆይ፣ ግጥሙ ግን ስለ ምርት ይሁን ብለው ፈረዱ። እንግዲህ በር ክፈችልኝ የሚለው ማዳበሪያ ይድረሰን ተባለ። ስዩም በቀበሌው አዳራሽ በዓል ባለ ቁጥር ደም ሥሩ እየተገተረ ስለ ማዳበሪያ ይጮኽ ጀመር። አንድ ቀን ከሕዝብ ፊት ድምፁ ተሰነጠቀ፤ አዳራሹ ሳቀ።

በዚያው ሰሞን የሐጎስ እኅት አዲስ ሸክላ አመጣች። ሽፋኑ ላይ ያለው ዘፋኝ ሌላ ሰው ነው። ባቡሮቹ ዘፋኝ ቀይረዋል። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተሰብስበን ማኪያቶ አዘዝን። ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «እነሱ ከቀየሩ እኛስ ምን ያግደናል» አልኩ፣ ስዩምን ሳላየው። ስዩም ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልክ ነህ» አለኝ። «አልደርስበትም። እኔም አውቀዋለሁ።»

ስዩም ከባንዱ ወጣ፤ በቦታው ሌላ ልጅ ተካን። ከዚያ በኋላ ድልድዩ ላይ ስንገናኝ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቀኝና ያልፋል። ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

የሄድኩት ምሥራቅ ጀርመን ነው፣ ለማተሚያ ማሽን ጥገና ኮርስ። ኮርሱ ሲያልቅ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በከተማው ባቡር ተሳፍሬ ምዕራብ በርሊን ወረድኩና እጄን ሰጠሁ። መነጽራም ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«አገርህ ምን በደል ደረሰብህ?»

ስለ ባንዳችን ነገርኩት። ስለ ማዳበሪያው ስደርስ አስተርጓሚው ቆም ብሎ እንድደግምለት ጠየቀኝ። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠና ዝፈነው አለኝ። በሕይወቴ ዘፍኜ አላውቅም፤ ግን ለጥገኝነት ሲባል ዓይኔን ጨፍኜ ማዳበሪያ ይድረሰን አልኩ። ከጎን ካሉት ክፍሎች ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ሹሙ መዝገቡ ላይ ብዙ ጻፈ። አስተርጓሚውን ምን እንደጻፈ ብጠይቀው «በደሉ ተረጋግጧል» አለኝ። የማን በደል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አከራዬ ፍራው ሊንደ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ወረቀት ሰጡኝ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት «ሩኧ»፣ ማታ «ሩኧ»፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ «ሩኧ»። ዝም በል ማለት ነው። ሕፃን ሲያለቅስስ ብላቸው እሑድ አያለቅስም አሉኝ። እዚህ ቅዝቃዜው የኛን የሐምሌ ብርድ እንደ ቡና ቤት ወግ ያስቀልለዋል፤ ድንቹን በቀን ሦስት ጊዜ ይበሉታል፤ ደረጃ ላይ ሰላም ብትል ምን ትፈልጋለህ ብለው ያዩሃል። የናቴን በርበሬ ድንቹ ላይ ነስንሼ ለፍራው ሊንደ ባቀምሳቸው ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በማግሥቱ ግን ሳህናቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ፤ ያውም እሑድ።

በሦስተኛው ዓመት መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ማስታወቂያ አየሁ። ባቡሮቹ ይመጣሉ። ሰው እንዳያየኝ ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ። የመግቢያ ትኬት ይዤ ቀን ስቆጥር ሰነበትኩ፤ የናቴን ሹራብ ለብሼ ከፊት ቆምኩ። ከአምስቱ የቀረው ጊታሪስቱ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ሦስተኛቸው፣ ከበሮ መቺው አራተኛቸው ነበር። ያም ሆኖ ሲጀምሩ አብሬያቸው ጮኽኩ። ቤዙን እያንዳንዷን ምት አውቃታለሁ፤ ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ይመቱ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን መጣ። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፤ ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም ወፍራም ነው። በር ክፈችልኝ የሚለው ቦታ ላይ ዘፋኙ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የደረሰበት። አረጁ አልኩ በልቤ። አዘንኩላቸውም።

በማግሥቱ የድሮውን ሸክላ ፈልጌ ገዛሁና ፍራው ሊንደን አስፈቅጄ በእሳቸው ማጫወቻ ከፈትኩት። ያው የመጀመሪያው ዘፋኝ ነው፤ ወጣት ነው፤ እሱም ይዘገያል። ማጫወቻው ተበላሽቷል ብዬ ፍራው ሊንደን ስጠይቃቸው ተቆጡ። የሳቸውን የሰርግ ዘፈን አስቀመጡና እየዘፈኑ አስመሰከሩ። ማጫወቻው ምንም አልሆነም።

ያኔ ነው የጋሽ ወልዴ ቴፕ ትዝ ያለኝ። ማሽን ጠጋኝ አይደለሁ? የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጊያ ሲላላ ቴፑ ሲቀዳ ይንቀራፈፋል፤ ተንቀራፎ የተቀዳ ካሴት በደህና ቴፕ ሲከፈት ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባቡሮቹ ራሳቸው ዘፍነውት የማያውቁትን ከፍታ ስዩምን ጩኽ ስንለው ኖረናል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ኬክ ቤቱ ውስጥ የነበረው የስዩም ፊት መጣብኝና ሳቄ ተቋረጠ።

ስዩም አሁን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ስልኩን ከሐጎስ በደብዳቤ አገኘሁና ደወልኩ። ስለ እናቴ ጤና ሊነግረኝ ሲጀምር አቋረጥኩትና ስለ ሸክላው፣ ስለ ቺንጊያው አንድ በአንድ ነገርኩት። የቺንጊያውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

«እና ደርሼበት ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«አልፈኸው ነበር» አልኩት። «ይቅር በለኝ፣ ስዩሜ።»

ሳቁን ለቀቀው። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ሰዎች ምን ነካው ሳይሉት አልቀሩም። ጋሽ ወልዴ ስንቱን ዘፋኝ አቅጥነው ሸጠዋል እያለ ደጋግሞ ሳቀ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ፤ በሱ ቦታ የተካነው ልጅ አግብቶ ናዝሬት ከገባ ወዲህ ሐጎስ ለምኖት ተመልሷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ይጫወታሉ።

«ቤዝ የሚመታው ማን ነው?» አልኩት፣ ድምፄን ተራ ለማስመሰል እየሞከርኩ።

«ማንም። ሐጎስ ሁለት ሰው አምጥቶ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ።»

«ለምን? ባቡሮቹ እንኳ…»

«ተዋቸው እነሱን። መቼ ነው የምትመጣው?»

በኪሴ ያለው የስደተኛ ሰነድ ወደ ዓለም አገሮች ሁሉ መሄድ እንደምችል ይናገራል፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል ከሥሩ። ያንን አልነገርኩትም።

«በቅርቡ» አልኩት። «እስከዚያው ዘፈኑን ቀስ አድርጋችሁ ተለማመዱት፤ ስመጣ እንዳታሯሩጡኝ።»