ተምቹ ጠፋ ያልን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከበዴሳ እህል ይዞ የመጣ ጎረምሳ፣ ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ፣ ተምቹ ከማሳችን ጠፋ!» አለኝ። የያዝኩት ሻይ ሱሪዬ ላይ ተደፋ። «ጠፋ» ሲባል ዛሬም ያስደነግጠኛል። ደንበኛ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አልደነግጥም፤ ደንበኛ መሬት ውስጥ አይደበቅም።

ነገሩ የሆነው መጤው ተምች ወደ እኛ በገባበት በልግ ነው። ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። አባቴ ከሶዶ ወደ ቤሌ ልኮኝ የጋሽ ዳናን በቆሎ፣ ማሳው ላይ እንዳለ፣ ለእሸት ልዋዋል ወጣሁ።

ቀደም ብዬ ሳየው ማሳው ያሳዝን ነበር። ትሉ ቅጠሉ ከሚጠቀለልበት እምብርት ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፤ ኩሱም እንደ ሰጋቱራ ይፈስሳል። ጋሽ ዳና ከዚያ በቆሎ ሌላ ቤተሰቡን የሚያከርምበት አልነበረውም። እሱና ባለቤቱ እትዬ ማርታ በጣታቸው ሲለቅሙ ይውሉ ነበር። በቆሎው ከሞተ ብሎም ለምትክ የሚተከል የስኳር ድንች ሐረግ አስቀምጦ ነበር።

አሁን ስመለስ ትል የሚባል የለም። አዲስ ቅጠል ወጥቷል። የድሮው ተምች እንደ ጦር መጥቶ፣ በልቶ፣ የሚያልፍ ነበርና ይሄም አለፈ ተባለ። ጋሽ ዳና ሐረጉን ለሚያደልበው በሬ አበላው። ለማግስቱ የምስጋና ድግስ ተጠራ፤ ጎረቤቱም ለወጥ የሚሆን ዶሮ እግሯን እያሰረ አመጣ።

እኔም የነጋዴ ወግ ነውና፣ ዋጋ እንዲቀንስልኝ ማጣጣል ጀመርኩ። «ጋሽ ዳና፣ ቅጠሉ እኮ ወንፊት ሆኗል።»

«ታዲያ ቅጠል ልትበላ ነው የመጣኸው? የሶዶ ልጅ በቆሎ የሚያውቀው ተጠብሶ ነው!» ብሎ አሳቀብኝ። እየሳቀም በማሳው ዳር ለዳሱ ምሰሶ ጉድጓድ መቆፈሩን ቀጠለ።

ከዶሮዎቹ አንዷ ማሰሪያዋን በጥሳ ወደ ጉድጓዱ ሮጠችና አፈሩን መልቀም ያዘች። ብናባርራት ትመለሳለች።

«ምን አግኝታ ነው ይቺ?» አለች እትዬ ማርታ።

ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። እንደ ቴምር ፍሬ የቀላ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። መዳፌ ላይ ሳገላብጠው ጭራው ተወራጨ። ጮኼ ወረወርኩት። የሳቀብኝ ግን የለም።

ጋሽ ዳና ዶማውን ይዞ ወደ በቆሎው ገባ። አንዱ ሥር ቆፈረ፤ አለ። ሌላው ሥር፤ አለ። አንዱን በጥፍሩ ሲሰነጥቀው ውስጡ የታጠፈ ክንፍ ታየ። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ተዘርፌያለሁ፣ በቆሎ የጫነ መኪናዬ ገደል ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም።

«ተምቹ አልሄደም» አለ ጋሽ ዳና፣ ድምፁ ተለውጦ። «ጠግቦ ተኛ እንጂ። አሁን የእሳት ራት ሆኖ በርሮ ሊወልድብን ነው። እኔ ደግሞ ሐረጉን ለበሬ!»

እትዬ ማርታ ሄዳ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።

«አንቺ፣ የነገው ወጥስ?» አላት ጋሽ ዳና።

«የነገው ድግስ የእነሱ ነው» አለችና ወደ ማሳው ለቀቀቻቸው።

ምስጋናው አልቀረም። እንግዳው ቦዬ የሚባለውን የተቀቀለ ሥራ ሥር በዳጣ በላ፣ ጸለየ፣ ከዚያ ዶማ ይዞ በበቆሎው መሃል አፈር ሲገለብጥ ዋለ፤ ዶሮዎቹም ከኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ። ያመለጠው በርሮ ቅጠል ላይ ሻጋታ የመሰለ እንቁላሉን ጣለ። አሁን ግን ምን እንደሚከተል ስለታወቀ፣ ሳይፈለፈል በጣት ይደፈጠጥ ጀመር። ከማሳው ግማሹ ያህል ተረፈ። ለጋሽ ዳና ቤት በቃ፤ ለእሸት ነጋዴ ግን የሚተርፍ አልነበረም። አባቴ ባዶ እጄን ስመለስ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም።

ዛሬ ያ ተምች ባዳ መሆኑ ቀርቷል፤ በየበልጉ ይመጣል። የሚያስፈራኝ ሲበላ ሳየው አይደለም፤ ሳላየው ነው።

ሱሪዬን እየጠረግሁ የበዴሳውን ልጅ «ቤታችሁ ዶሮ አለ?» አልኩት።

ልገዛ መስሎት ዓይኑ በራ፤ ዋጋም ጠራልኝ።

«አትሽጥ» አልኩት። ነጋዴ ሆኜ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። «ሂድና በቆሎው ሥር ቆፍር። ከዚያ ዶሮዎቹን ፍታቸው።»