በጉሮሮ ጠረጋ የሚገባ ማርሽ

በጭነት መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ሊቀ ማርሽ የሚባለው አንጋፋ ሾፌር የማይንቀው ሰው አልነበረም። ወጣቶቹን ሾፌሮች «የመሪ ጌጦች»፣ መካኒኮቹን «ቁልፍ ተሸካሚዎች» ይላቸዋል። ኃላፊውንማ ስሙን መጥራት ስለሚጠየፍ በአገጩ ብቻ ነው የሚያመለክተው።

ይህን ሁሉ ንቀት የተሸከመችው አንዲት ችሎታ ናት። ሠላሳ ዓመት የነዳው አሮጌ መኪና፣ እግርን ከነዳጅ ላይ አንስተው የሞተሩ ዙር እስኪወርድ ካልጠበቁት ማርሹ አይገባም፤ ይጮሃል። ሊቀ ማርሽ ነዳጁን ይለቅና «እህህም» ብሎ አንዴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጠርጎ ሲጨርስ ማርሹ ሰተት ብሎ ይገባል። ቤቱም ወንበር ሲስብ ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ሚስቱ «ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ስንተኛ አስገባህ?» ትለዋለች።

አሮጌው መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠና አዲሶቹ መጡ። ረጅሙን መስመር የሚይዘው ፈተና ያለፈ ብቻ ነው ተባለ፤ ማርሽ ሦስቴ ያስጮኸ ግቢ ውስጥ ውሃ ቦቴ ይነዳል። ረጅሙ መስመር ከቀረበት ደግሞ ሊቀ ማርሽ የምኑ ሊቅ ሊሆን ነው?

ፈታኟ ድሮ እዚያው ግቢ መኪና ታጥብ የነበረች ሴት ናት።

«ጨርቅሽን የት ጣልሽው?» አላት፣ ገና ሲሳፈር።

«ጋሼ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ።»

ከበሩ እንደወጡ ነዳጅ ሰጠ፣ ለቀቀ፣ «እህህም» አለ። ማርሹ ጭራውን እንደረገጡት ውሻ ጮኸ። የአዲሱ ሞተር ዙር እግር ሲነሳለት ወዲያው ነው ዘጭ የሚለው፤ ጉሮሮው ተጠርጎ ሳያልቅ እሱ ታች ደርሷል።

«ቆርቆሮ!» አለ ሊቀ ማርሽ።

«ቶሎ ነው የሚወርደው፣ ጋሼ። አይጠብቁት፤ ያዳምጡት።»

«አንቺ ልታስተምሪኝ? እኔ ስነዳ አንቺ ጎማ ሥር ነበርሽ!»

«ነበርኩ። ድምፁን የለመድኩትም እዚያው ጎማ ሥር ሆኜ ነው» አለች ሳትቆጣ።

ለሁለተኛው ከንፈሩን ገጠመ። ጉሮሮው ግን የሠላሳ ዓመት ልማዱን በአፍንጫው አወጣው፤ ማርሹ ደግሞ ጮኸ። አሁን ዳገቱ ሥር ደርሰዋል። የምትለው እውነት እንደሆነ ጆሮው ነግሮታል። እጁን ትንሽ ቢያፈጥን ረጅሙ መስመር የእሱ ነው። ነገር ግን በመኪና አጣቢ ምክር ከማለፍ በገዛ ጉሮሮው መውደቅ ተሻለው መሰለኝ፤ ነዳጁን ለቆ «እህህህም» አለ፣ ያውም ረዘም አድርጎ።

ማርሹ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ፈታኟ ወረቀቷ ላይ ሦስተኛዋን ሰረዝ አሰመረች።

«ወንበር እንቀያየር፣ ጋሼ።»

«የሚረባ መኪና ስታመጡ ጥሩኝ» አላት፤ በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ በእግሩ ተመለሰ።

በማግስቱ ውሃ ቦቴው ላይ ወጣ። ቦቴው ማርሹን ራሱ ነው የሚቀይረው። ሊቀ ማርሽ ከአጥር እስከ አጥር ሲመላለስ፣ ግራ እግሩ ማርሽ ለመቀየር የሚረግጠው ፍሪሲዮን አጥቶ ባዶውን ወለል ሲደበድብ ዋለ።