ሰማንያ ሲሞላ መንቀል

መገናኛ አካባቢ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሲከፈት ሁለት ገመድ ብቻ ነበረው። ዛሬ እስከ አዳማና ከዚያም ወዲያ ጣቢያ እየተተከለ ነው፤ ተመስገን ነው። እኔን ግን ከማሽኑ ይበልጥ የሚገርመኝ የሾፌሮቹ ደንብ ነው። ባትሪህ ሰማንያ ፐርሰንት ሲደርስ ነቅለህ ለተረኛ ትለቃለህ፤ የቀረችው ሃያ እየተንቀረፈፈች ነው የምትገባው። መንግሥት ያወጣው ሕግ አይደለም። ያስለመደችን እንደ እኛው ሜትር ታክሲ የምትነዳ አንዲት እናት ናት።

ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን፣ ደንቡ ገና ሳይለመድ፣ እኔ ለኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነበርኩ። የቤንዚን ሰልፍ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ተራዬ ከደረሰ "ፉል አድርገው" ማለት እንጂ ሌላ አላውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታዲያ ሰማንያን አልፌ፣ ወንበሬን አስተኝቼ ተዘረጋሁ። ከኋላዬ ተረኛዋ ያቺው እናት ነበረች። ሁለት ጊዜ መጥታ ስክሪኑን አየችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ዓይን አውጣ ነበርኩ።

ዘጠና ሰባት ፐርሰንት ላይ አንዱ ሾፌር መስኮቴን አንኳኳ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሴትዮዋ ልጅ ከቤሩት እየገባች ነው እኮ! መኪናውን የገዛችላት እሷ ናት፤ አንድ ቀን በዓይኗ አይታው አታውቅም። በሱ ልትቀበላት ብላ ነው አንተን የምትጠብቀው።"

ወዲያው ነቀልኩ፤ የእሷ ባትሪ ግን ሁለት ፐርሰንት ነበር፣ አውሮፕላኑም አርፏል። "እኔ ቀድሜ ሄጄ ላቆያት" አልኳት። የልጅቷን ፎቶ በስልኬ ላከችልኝና፣ "ብቻ እንዳታመጣት፣ እመጣለሁ" አለችኝ።

ቦሌ ደረስኩ። ልጅቷ ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ ቀረብ ብዬ፣ "እናትሽ ልካኝ ነው" አልኳት። ምን ዓይነት ቂል ነኝ! ከስንት ዓመት በኋላ አገሩ ለሚገባ ሰው፣ እናቱ ቀርታ የማያውቀው ሰው ሲቀበለው ምን ይመስለዋል?

"እማዬ ምን ሆነች?" ብላ ጮኸች።

"ደህና ናት፣ ቻርጅ እያደረገች ነው" ብል ማን ይመነኝ! መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ "ደህና ናት" ነው የሚለው። እናትየው ጋ ብደውል አይነሳም፤ ለካ እየነዳች ኖሯል። ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር።

በመጨረሻ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ፊቴን አዞርኩ። ልጅቷ፣ "ምነው እማዬ፣ ገደልሽኝ እኮ!" አለች። አሁን ጉዴ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"የኔ ጥፋት ነው ልጄ፣ ዘግይቼ ተሰለፍኩ" አለች እናትየው። "ይሄ ወንድሜ ባይለቅልኝ ኖሮ ጭራሽ አልደርስም ነበር።"

ልጅቷ መጥታ አመስግና ጉንጬን ስትስመኝ፣ የእናቷን ዓይን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።