ነጩ ማርና ያልተጀመረው ጽሑፍ

የኔታ ገብረ ሊባኖስን ሰቆጣ ላይ የማያውቃቸው አልነበረም። ቁም ጸሐፊ ናቸው። እንዴት ያለ እጅ መሰላችሁ! ፊደላቸው ብራናው ላይ ሲያርፍ ለቅዳሴ የቆመ ሰው ይመስላል። ሲጽፉ ያያቸው ግን ይጨንቀዋል፤ አንዲቱን ቃል በአፋቸው አሥሬ ሳያመላልሱ ብርዓቸውን ቀለም አያስነኩም። ብራና እንደሆነ ስንት የተለፋበት ቆዳ ነው። ፊደል ከተሳሳተ በካራ መፋቅ ነው፤ የተፋቀ ቦታ ደግሞ ለሳቸው ፊት ላይ እንዳለ ጠባሳ ነው።

ደጃፋቸው ካለው ወይራ ሥር ትምህርት ቤት ያልተላኩ የጎረቤት ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ከነዚያ ውስጥ የይግዛው ልጅ ደብሬ ነበረች፤ አፏ የማያርፍ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ።

አንድ ዓመት በጾሙ ወራት ከደሴ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጣ። «ቤት የተማሩ ልጆች ካሉ ከትንሣኤ በኋላ ስመለስ ይምጡልኝ» አለ። «የሰው ቃል መገልበጥ አልፈልግም። የከነከናቸውን ነገር ራሳቸው ጠይቀው፣ አይተው፣ የደረሱበትን ይጻፉ። ደህና የጻፈ አራተኛ ክፍል ይገባል።»

ይግዛው ይሄን ሲሰማ የኔታ ዘንድ ገሰገሰ። «የኔታ፣ ለደብሬ ከቆላው ከዝቋላ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ካለፈች ትማራለች ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ካላለፈች ግን ምን ብዬ ልመልስ?»

«ለኔ ተዋት» አሉት።

በማግስቱ ደብሬ እየሮጠች መጣች። «የኔታ፣ አገኘሁ! የኛ ቤት ማር ነጭ ነው፣ የአጎቴ ማር ቀይ ነው። ቀፎዎቹን የሚለያቸው አንድ ካብ ነው፣ ንቦቹም የሚጠጡት አንድ ምንጭ። ለምንድን ነው? ልጻፈው?»

የኔታ ሳቁ። «መልሱስ?»

«አላውቀውማ!»

«የማታውቂውን ልትጽፊ? ወረቀቱን እንዳትነኪ! መጀመሪያ ጠይቂ፣ አጣሪ፣ በቃልሽ ያዢ። ሲሞላልሽ ትጽፊያለሽ።»

አጎቷን ጠየቀች፤ በአገውኛ «አበባው ነው» አላት። እናቷ «የለም፣ የኛ ቀፎ አዲስ ስለሆነ ነው» አለች። የኔታም «ቃላቸው ተጣላ፤ ሌላ ሰው ጠይቂ» አሏት። ጋዝጊብላ ገበያ ድረስ ወጥታ ማር ሻጮቹን ጠየቀች፤ እነሱ ደግሞ ሌላ ነገር አሏት። ባመጣች ቁጥር ሌላ ሰው፣ ባመጣች ቁጥር ሌላ ሰው!

እኩያዋ ምንዋጋው «አንቺ፣ ንቢቱን ራሷን አትጠይቂያትም?» ብሎ ልጁን ሁሉ አሳቀባት።

«ካንተ የተሻለ ትመልስልኝ ነበር» አለችው።

የኔታ ባለቤት ወለተ ሰንበት ግን አልሳቁም። «አንቱ ሰውየ፣ ልጅቱ አርጅታ ነው የምትጽፍ? ጥያቄዋን ታስፍር፣ ሌላው ይደርሳል።»

«አንቺ ብራና ፍቀሽ አታውቂ።»

«ወረቀት መስሎኝ የምትጽፍበት!»

የኔታ ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

ትንሣኤ አለፈ፣ ተቆጣጣሪው ተመለሰ ተባለ። ያን ቀን ጠዋት የኔታ ንጹሕ ወረቀትና የገዛ ብርዓቸውን ሰጥተው «በይ ጀምሪ» አሏት። ደብሬ ተቀመጠች። የማንን ቃል ታስቀድም? የአጎቷን? የእናቷን? የሻጮቹን? ብርዑን እንደያዘች ቀለሙ ጠብ አለ። ደነገጠች። የኔታ ሲያደርጉ እንዳየችው ካራውን አንስታ ፋቀችው። ወረቀት ብራና ነው እንዴ? ካራው ቦጨቀው። ሌላ ወረቀት ሰጧት፤ «ማር» ብላ ጻፈች፣ አላማራትም፣ ያንንም ፋቀችው።

«አልሞላልኝም፣ የኔታ» አለች።

የኔታ እሷንም ወረቀቱንም ይዘው ተቆጣጣሪው ዘንድ ቀረቡ። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። የተበሳውን ወረቀት አገላብጦ አየና «ልጄ፣ ምን ነበር የከነከነሽ?» አላት። ደብሬ ቀና ብላ የኔታን አየች። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ያች እየሮጠች ያመጣቻት ጥያቄ፣ የካቡና የምንጩ ነገር፣ እሷው ነበረች እኮ የጽሑፉ መጀመሪያ! ሊናገሩላት ፈለጉ። ግን እንደ ልማዳቸው ቃሉን በአፋቸው ሲያመላልሱት፣ ሰውየው «የሚቀጥለው ይምጣ» አለ።

ግንቦት ላይ ደብሬ ተድራ ዝቋላ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ የኔታ ካራውን ልጆቹ ካሉበት አራቁት። አዲስ ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን «የከነከነህን ጻፍ፣ ቢበላሽም ይበላሽ» ይሉታል። ይሄን ባሉ ቁጥር ታዲያ ዓይናቸው ወደ ቆላው መንገድ ነው።

ከዓመታት በኋላ ደብሬ ልጅ አዝላ፣ ማር በቅል ይዛ ሰቆጣ ገበያ መጣች። አየቻቸውና ጉልበታቸውን ሳመች። ቅሉን ከፍተው አዩት፤ ቀይ ነው።

«ለምን ቀላ፣ ደብሬ?»

እንደ ድሮው ፊቷ በራ። «አሁንማ ደረስኩበት መሰለኝ፣ የኔታ! ስንት ክረምት አይቸዋለሁ።»

«ታዲያ ጻፊዋ!»

«ፊደሉ ጠፋኝ።»

«ነይ፣ ነይ ከሀ እንጀምር፣ አሁኑኑ» አሉ የኔታ፤ ይችን እንኳ በአፋቸው አላመላለሷትም።

ደብሬ ፈገግ አለች። «ባሌ ይጠብቀኛል፣ የኔታ። መንገዱም ሩቅ ነው።» ሕፃኑን አስተካክላ ካዘለች በኋላ ቅሉን እጃቸው ላይ ትታላቸው ሄደች።