ጥቁር ለብሼ የሳቅሁበት ፊልም

ባሌ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው ሲኒማ ገባሁ። ገብቼም ሳቅሁ። ይኸው፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን እኔው ራሴ ተናገርኩት።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ አፓርታማችን ውስጥ ነው። ከላያችን የምትኖር፣ ከደቡብ ሕንድ የመጣች የታሚል ሴት አንድ ቀን ዲቪዲ አዋሰችን። እኛ የምናውቀው የሕንድ ፊልም ጀግናው ብቻውን መንጋ ሰው ሲዘርር ነው፤ ይኼኛው ግን በእነዚያው ፊልሞች የሚያላግጥ ኮሜዲ ነበር። ባሌ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ያን ቀን ኤርፖርት ሲመላለስ ውሎ ወገቡ ተቆርጦ ነበር የገባው። ጀግናው አየር ላይ ሲገለባበጥ አይቶ፣ "እስቲ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይፈልግ፣ ጀግንነቱን እናያለን!" አለና ድካሙን ረሳ። "ሁለተኛው ክፍል ከወጣ ግን ሲኒማ ቤት ገብተን ነው የምናየው" አለኝ። እሺ አልኩት። ሁለተኛው ክፍል ለመውጣት ዓመታት ፈጀ። ባሌ አልደረሰበትም፤ ካንሰር ወሰደው።

ጎረቤቴ "ፊልሙ መጣ" ብላ በሬን ስታንኳኳ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሻለሁ። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት እስከ ሙት ዓመቱ ሰርግ የለ፣ ዘፈን የለ፣ ጥቁሯንም አታወልቅም። እኔም አላወለቅኩም። ከነጥቁር ነጠላዬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና አጠገባችን ወዳለው ዴንቨር ሄድን። ቃል የተጋባነው እሱና እኔ ነን፤ ሰፈሩ ምን አገባው!

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጀግናው ብቅ ሲል ሰዉ እንደ አገሩ ልማድ ያፏጫል፣ ቁርጥራጭ ወረቀት ይበትናል። እኔ ቅዳሴ ላይ እንዳለሁ ጭምት ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሆኖ ይናዘዛል፤ ተናዝዞ ይሞታል፤ ቤተሰቡ እሪ ሲል ቀና ብሎ "አንድ ነገር ረስቼ..." ይላል። እንደገና ይሞታል። እንደገና ይነሳል። መጀመሪያ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ ኧረ ምን ሳቅ ብቻ፣ ጎኔን ይዤ ፍርስ አልኩ! ጎረቤቴ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ።

ስንወጣ በር ላይ ቲኬት የምትቆርጠው የአገሬ ልጅ ሆና ተገኘች። "እንዴ!" አለች ጥቁሬን አይታ። አለቀ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኦሮራ ገባ።

በማግስቱ የባሌ ታላቅ እህት መጡ። እዚህ አገር ከእሳቸው በቀር ዘመድ የለኝም። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ወንድሜን እንዲህ ቶሎ ረሳሽው? ጥቁር ለብሰሽ ሰው ፊት ስትገለፍጪ! ሁለተኛ አላደርገውም በይኝ፤ አለዚያ ከዚህ ቤት እግሬ ወጣ!"

አከብራቸዋለሁ፤ ግን ደሜ ፈላ።

"እትዬ፣ ይስሙኝ። እዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ የሚያወራው ስለ በሽታው ነው። እንዴት እንደ ከሳ፣ እንዴት እንዳቃሰተ። ያ ሲስቅ መሬት ላይ የሚንከባለለው ሰውዬስ የት ሄደ? ማነው የረሳው፣ እኔ ነኝ እናንተ? ጥቁሩን እለብሳለሁ። ሳቄን ግን ማንም አይከለክለኝም። ከፈለጉ ለንስሐ አባቴ ይንገሩ!"

ወደ በሩ ሄዱ። ሄዱብኝ አልኩ፤ ግን አልለመንኳቸውም። እጀታውን እንደያዙ ቆሙ።

"ልጅ ሆኖም እንዲያ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ሲስቅ መሬት ነው የሚወድቀው።"

ተመልሰው ተቀመጡ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ምኑ ነው እንዲህ ያሳቀሽ?"

እየሞተ ከሚነሳው ሽማግሌ ጀመርኩላቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። እኔ ግን አልያዝኩም።